ሳይቃጠል በቅጠል፦ ማሽላው ለእህል ይቆይ ወይስ ለመኖ ይታጨድ?

በምሥራቅ ሐረርጌ ቆላማ ቀበሌዎች ሐምሌ ሲገባ በየማሳው አንድ ጥያቄ የሚነሳባቸው ዓመታት አሉ። ማሽላው ከጉልበት በላይ ደርሷል፤ ዝናቡ ግን ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቅጠሉ ከቀትር በፊት መጠቅለል ይጀምራል፤ ሲመሽ ትንሽ ይፍታታል። ጓሮ የታሰረው ሰንጋ ደግሞ የባለቤቱን እጅ እጅ ያያል።

ገበሬው ሦስት መንገድ አለው። አንዱ ዝናቡ ይመለሳል ብሎ ማሽላውን ለእህል ማቆየት ነው። ሁለተኛው ተስፋ ቆርጦ ማሽላውን በእርጥቡ አጭዶ ለመኖ ማዋል ነው። ሦስተኛው ሰንጋው ሳይከሳ፣ የገበያውም ዋጋ ሳይወድቅ መሸጥ ነው።

ሦስቱም ልክ የሆኑባቸው ዓመታት አሉ፤ ሦስቱም ቤት ያፈረሱባቸው ዓመታት አሉ። የሚያመሳስላቸው ቀን ያላቸው መሆኑ ነው። ማሽላው ደርቆ ካለቀ በኋላ የሚታጨደው ገለባ ነው። ሰንጋው አጥንቱ ከወጣ በኋላ ገበያ መንዳት ቆዳውን ብቻ እንደ መሸጥ ነው። የኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የድርቅ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ቀን ያለፈባቸው ሰዎች ታሪክ ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርቶች መሠረት በኢትዮጵያ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ። የመኖ ልገሳው ጥሪ የበረታው ግን የከብት ሬሳ በየሜዳው ተከምሮ በስልክ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

ያ ቀን ከማለፉ በፊት ለማወቅ የሚረዳ መሣሪያ ግን አለ። የሰብል ሲሙሌሽን ይባላል። ከ30 ዓመት በላይ በዓለም ላይ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ለማሽላና ለበቆሎ ተሞክሯል። ከምርምር መጽሔት ወጥቶ ገበሬው ማጭድ ከማንሳቱ በፊት ቀበሌ ድረስ እንዲደርስ ያላደረገው የኮምፒውተር እጥረት ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ስሌቱ ሲሳሳት "ኪሳራው የኔ ነው" የሚል አካል ስለሌለ ነው።

የሐረርጌ ገበሬ ድሮም ያሰላል

ኮምፒውተሩን ከማወደስ በፊት ገበሬውን ማየት ይገባል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና በቆሎ ሲዘራ ማሳው ከሚችለው በላይ አጠጋግቶ ይዘራል። ከበቀለ በኋላ ዝናቡን እያየ ያሳሳዋል፤ የተነቀለው ለሰንጋው ነው። ቀጥሎ የታችኛው ቅጠል እየተሸለቀቀ ይሰጠዋል፤ ቆይቶ ደግሞ የአገዳው ጫፍ። አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የገነነው የሐረር ሰንጋ የሚደልበው ሰፊ ግጦሽ ላይ ሳይሆን ጓሮ ታስሮ፣ በዚህ መንገድ በእጅ እየተቀለበ ነው።

ይህ አሠራር የስጋት አስተዳደር ነው። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ብዙ ተክል ይቆያል፣ እህሉም ይበዛል። ዝናቡ ከሳሳ ብዙው ይነቀላል፤ የቀሩት ጥቂቶች በቀረው እርጥበት ይደርሳሉ፤ የተነቀለውም ሥጋ ይሆናል። ገበሬው በየሳምንቱ ከእህልና ከመኖ መካከል እያመዛዘነ ይሄዳል።

ችግሩ ሚዛኑ የአንድ ሰው ትዝታ መሆኑ ነው። የ45 ዓመት ገበሬ በራሱ እጅ የዘራቸው ክረምቶች 25 ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ክፉኛ የከሸፉት ጥቂት ናቸው፤ የቅርቡ ክፉ ዓመት ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ ይታወሰዋል። በዚያ ላይ አባቱ ያስተማሩት የዝናብ አመጣጥ እየተዛባ ነው። የቦረና ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው፣ የታረደ ከብት አንጀት አንብበው ስለ መጪው ወቅት ይመክራሉ። ይህን እውቀት ማናናቅ አይገባም፤ ሆኖም ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ሰማዩ እንደ ድሮው እንደማይታመን ሲናገሩ ይሰማሉ።

ይህ ጉዳይ የሐረርጌና የቦረና ብቻ እንዳልሆነ ለማየት የመኖውን ምንጭ ማየት ይበቃል። በስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የናሙና ጥናቶች መሠረት የአገሪቱ ከብት ከሚመገበው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የግጦሽ ሣር ነው፤ አንድ ሦስተኛ ገደማ ደግሞ ገለባና አገዳ ነው። የተሻሻለ የመኖ ተክል አንድ በመቶ አይሞላም። ማለትም የኢትዮጵያ ከብት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚኖረው በዚያ ዓመት ዝናብ በበቀለው ነው። ዝናቡ ሲጠፋ እህሉም ሣሩም አገዳውም አብረው ይጠፋሉ።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

የሰብል ሲሙሌሽን ስሙ ከበደ እንጂ ሐሳቡ የሱቅ መዝገብ ነው፤ ገቢና ወጪው ውሃ ነው። በየቀኑ ምን ያህል ዘነበ፣ ስንቱ በጎርፍ ሄደ፣ ስንቱ አፈር ውስጥ ገባ፣ ስንቱ ተነነ፣ ስንቱን ተክሉ ጠጣው ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ተክሉ በዚያ ቀን ባገኘው ብርሃን፣ ሙቀት፣ ውሃና ናይትሮጂን ምን ያህል እንዳደገ ያሰላል። ከዘር እስከ አጨዳ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከታወቁት አንዱ፣ በአሜሪካ የልማት ድጋፍ የተጀመረው ዲሳት፣ በ1989 ይፋ ሆነ። ኤፕሲም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ተሠራ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያዘጋጀው አኳክሮፕ ደግሞ በ2009 ወጣ።

ጥቅሙ የሚታየው ግን ስሌቱ ሲደጋገም ነው። ቀኑ ሐምሌ 10 ነው እንበል። ማሽላው የተዘራበት ቀን፣ ዝርያውና አፈሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ይታወቃል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ዝናብ አይታወቅም። ስለዚህ ያለፉት 40 ዓመታት ዝናብ አንድ በአንድ ለሞዴሉ ይሰጠዋል። ከሐምሌ 10 ጀምሮ እንደ 1984 ቢዘንብስ? እንደ 1998ስ? እንደ 2015ስ? 40 ጥያቄ፣ 40 መልስ።

ለማሳያ ያህል ከ40ው በ28ቱ ማሽላው እህል ሳይቋጥር ቀረ፣ በ12ቱ ተረፈ እንበል። ይህ ትንቢት አይደለም፤ "ከ10 ጊዜ 7ቱን እህሉ አይገኝም" የሚል ግምት ነው። ገበሬው ይህን ሲሰማ ከማሳው ከፊሉን አጭዶ ከፊሉን ማቆየት ይችላል። ከአሥር ቀን በኋላ ስሌቱ ይደገማል። ዝናቡ ካልመጣና 28ቱ ወደ 35 ካደገ ቀሪውም ይታጨዳል። የውሳኔ ቀን ማለት ይህ ነው።

ወቅታዊ ትንበያ ሲጨመርበት ስሌቱ ይጠራል። ኤልኒኖ ሲነሳ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የመሳሳት ዝንባሌ አለው፤ በ2015 ሐረርጌን ጨምሮ ሰፊ አካባቢ የደረሰበት ይኸው ነበር። ያኔ ከ40ው ዓመታት የኤልኒኖዎቹን ብቻ መርጦ ማስላት ይቻላል። ያው ኤልኒኖ በቦረናና በሶማሌ ክልል ደግሞ የመጸው ዝናብን ያበዛል። በ2023 መጨረሻ፣ ከዚያ ሁሉ ድርቅ በኋላ፣ ሶማሌ ክልልን ያጥለቀለቀው ጎርፍ በዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሐረርጌ ማጨድ ሲኖርበት ደቡቡ ሣር የሚያከማችበት ዕድል ሊገኝ ይችላል። ድርቆሽ የሚከመረው በጥጋብ ወቅት ነው፤ ሞዴሉም የሚጠቅመው ለክፉ ዓመት ብቻ አይደለም።

አፈሩም ልዩነት ያመጣል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ሸክላማ አፈር ለተክል የሚሆን ከ150 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ አሸዋማው የዚያን ግማሽ ላይዝ ይችላል። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዝናብ፣ የአንዱ ጎረቤት ማሳ "ጠብቅ" የሌላው "እጨድ" ሊባል የሚችለው ለዚህ ነው። ለመላው ዞን በሬዲዮ የሚነገር አንድ ምክር ለሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም።

የአውስትራሊያ ተሞክሮ

አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች መጀመሪያ ላይ የሠሩት ስህተት ለኢትዮጵያ ትምህርት ይሆናል። ሶፍትዌር ሠርተው ለገበሬው ሰጡ፤ ገበሬው አልተጠቀመበትም። በ1990ዎቹ ፋርምስኬፕ በተባለ ሥራ አካሄዳቸውን ለወጡ። ፕሮግራሙን ትተው ወደ ገበሬው ማሳ ሄዱ፤ አፈሩን ቆፍረው እርጥበቱን ለኩ፤ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው "ባለፈው ዓመት ሳምንት ቀድመህ ብትዘራ ኖሮስ?" እያሉ ከገበሬዎቹ ጋር ተወያዩ። ገበሬዎቹ ሞዴሉን ማመን የጀመሩት የራሳቸውን ማሳ ያለፈ ውጤት ልክ አድርጎ ሲናገር ካዩ በኋላ ነው።

ከዚህ ልምድ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪክቶሪያ ደረቅ የስንዴ ምድር ይልድ ፕሮፌት የተባለ አገልግሎት ተጀመረ። ገበሬው በወቅቱ መካከል ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ከሐረርጌው ገበሬ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ሰብሉ ለእህል ይቆይ ወይስ ለድርቆሽ ይታጨድ? ልዩነቱ የአውስትራሊያው ገበሬ የባንክ ብድር፣ የድርቆሽ ገበያና የሚያሳድርበት መጋዘን ያለው መሆኑ ነው።

ሞዴሉ የማያውቀው

ለሞዴሉ የሚከራከር ሰው ጉድለቱን መደበቅ የለበትም። አብዛኞቹ ሞዴሎች የተሠሩት ለእህል ነው። ሐረርጌ ውስጥ የሚዘሩት እንደ ሙይራና ፈንዲሻ ያሉ የአገር ዝርያዎች ከምርምር ጣቢያ ፈጥነው ከሚደርሱት እንደ መልካም ካሉ ዝርያዎች በዕድገታቸው ይለያሉ። በሚገባ ያልተለካ ዝርያ ላይ የተሠራ ስሌት የሌላ ሰው ልብስ እንደ መልበስ ነው። ሞዴሉ አንበጣ አያይም፤ በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ የበላውን ማሳ ሞዴሉ ለምለም ነው ይል ነበር። ተምች፣ አቀንጭራና የወፍ መንጋም እንዲሁ ናቸው። በደርዘን የሚቆጠሩ የሣር ዓይነቶች ተቀላቅለው የሚበቅሉበትን፣ ከብት እየጋጠ የሚለውጠውን የቦረና ግጦሽ ማስላት ደግሞ ከማሽላ ማሳ በእጅጉ ይከብዳል።

የዝናብ መዝገቡም ቀዳዳ አለው። በቆላው የመለኪያ ጣቢያዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያና የሳተላይት መረጃን አዋህዶ በ4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያዘጋጀው የዝናብ መረጃ ይህን ክፍተት በከፊል ይደፍናል። ያለው መረጃ ለወረዳ ባለሙያ በቀላሉ ካልደረሰ ግን ጥቅሙ በመዝገብ ቤት ይቀራል።

አንድ የጤና ጉዳይም አለ። ድርቅ ያቀጨጨው ለጋ ማሽላ፣ በተለይም ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ የሚያቆጠቁጠው፣ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይይዛል፤ ከብትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በደንብ ማድረቅ ወይም በጉድጓድ አፍኖ ገፈራ ማድረግ መርዙን ይቀንሰዋል። "እጨድ" የሚል ምክር "እንዲህ አድርገህ አብላ" የሚል ካልታከለበት ሌላ ሞት ነው።

"ታዲያ የሳተላይት ኢንሹራንስ አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አለ። በቦረና ከ2012 ጀምሮ ለአርብቶ አደሮች የተሸጠው ውል ሳተላይት የምድሩን አረንጓዴነት እያየ ካሣ የሚከፍል ነው። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ጠቅሟል። ነገር ግን አረንጓዴ ሁሉ መኖ አይደለም። ቦረናን የወረረው ቁጥቋጦም፣ አፋርን የሸፈነው ፕሮሶፒስም ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ከሁሉም በላይ ሳተላይት የሚያየው የበቀለውን ነው፤ ሲሙሌሽን የሚጠይቀው ገና ስላልበቀለው ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስህተቱን ማን ይከፍላል?

የክርክሩ ዋና ነጥብ እዚህ ነው። ሞዴሉ "ከ10 ጊዜ 7ቱን እህሉ አይገኝም" ካለ፣ 3ቱን ጊዜ ይገኛል ማለቱ ነው። በእነዚያ 3 ዓመታት ምክሩን ሰምቶ ማሽላውን ያጨደው ገበሬ ጎረቤቱ እህል ሲያስገባ ቆሞ ያያል። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ምክሩም ልክ ነበር፤ ገበሬው ግን ተርቧል። ያንን ምክር የሰጠው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በዚያ ቀበሌ ዳግመኛ የሚሰማው አያገኝም።

ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይናገርም። የቀበሌው ባለሙያ ወረዳውን ይጠብቃል፤ ወረዳው ዞኑን፤ ዞኑ ክልሉን። ዘግይቶ መናገር ማንንም አያስጠይቅም፤ "ድርቁ ከባድ ነበር" ይባላል፣ ያልፋል። ቀድሞ ተናግሮ መሳሳት ግን ያስጠይቃል። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ የዓለም ምርጥ ሞዴል ቢገባ ማስጠንቀቂያውን ይዞ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ሲሙሌሽን ለዚህ ችግር ራሱ መልስ ይዟል፤ የመሳሳት ዕድሉን ቀድሞ ይናገራል። ቀድሞ የታወቀ ኪሳራ ደግሞ በጀት ሊያዝለት ይችላል። ወረዳው በይፋ "የአጨዳ ቀን" ካወጀ፣ በዚያ ቀን ያጨደ ገበሬ ዝናቡ ቢመለስና ጎረቤቶቹ እህል ቢያስገቡ የተወሰነ እህል ወይም ገንዘብ ይካሳል። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ2005 ጀምሮ በእነዚሁ ወረዳዎች እህልና ገንዘብ ሲያከፋፍል ኖሯል። መዝገቡ አለ፤ መስመሩ አለ። የሚያስፈልገው ክፍያው ከረሃቡ በኋላ ሳይሆን ከውሳኔው ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ነው።

"ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ለሚለው ሞያሌ መልስ ትሰጣለች። በ2006 ድርቅ ወቅት ከብቱ ገና አቅም ሳይከዳው ነጋዴዎች ገብተው እንዲገዙ በተደረገ ሙከራ 20 ሺህ ገደማ የቀንድ ከብት ተሸጠ። ከ5 ሺህ በላይ ቤተሰቦች በአማካይ 186 ዶላር አገኙ፤ በገንዘቡም ምግብ ገዙ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙ፣ ውሃ አመላለሱ። በኋላ የተሠራ ጥናት ለሥራው የወጣው እያንዳንዱ የእርዳታ ዶላር ከ40 ዶላር በላይ ጥቅም ማስገኘቱን አስልቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከብቱን የገዛው በአብዛኛው የነጋዴው ገንዘብ ነበር፤ እርዳታው የገዛው ጊዜውን ነው።

ከአንድ ወረዳ መጀመር ይቻላል

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ማወጅ የተለመደውን የወርክሾፕ ባነር ከማብዛት አያልፍም። በአንድ የሐረርጌ ወረዳ በጥቂት ቀበሌዎች መጀመር ይበቃል። የማሳዎቹ አፈር ይቆፈር፣ እርጥበቱ ይለካ። የሙይራና የፈንዲሻ ዕድገት ሁለት ሦስት ወቅት ይመዝገብ። ሞዴሉ መጀመሪያ ያለፉትን ዓመታት ውጤት በገበሬዎቹ ፊት ይናገር፤ እነሱም ይፍረዱበት። ካላመኑበት ይቅር። ካመኑበት የአጨዳው ቀን፣ ዋስትናውና የከብት ገዢው ነጋዴ በአንድ ላይ ይምጡ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባይጀመር ይሻላል፤ ዋስትና የሌለው ምክር ስጋቱን ከመንግሥት ትከሻ ወደ ገበሬው ትከሻ ማዛወር ነውና።

ደቡቡም የራሱ ጅምር አለው። ቦረና ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚከልለው "ካሎ" የሚባል የግጦሽ ቦታ አለው። በጥሩ ወቅት ከካሎው ምን ያህል ሣር እንደሚተርፍ ቀድሞ መገመት፣ ያንን የሚያጭድ ጉልበትና የሚያከማች ዳስ ማዘጋጀት ከማንኛውም የአደጋ ጊዜ የመኖ ጭነት ይረክሳል። በ2023 መጨረሻ ከጎርፉ በኋላ የበቀለው ሣር ስንቱ ታጨደ፣ ስንቱ ቆሞ ደረቀ የሚለው ጥያቄ ለየወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ የሚገባው ነው።

ሐምሌ በየዓመቱ ይመጣል። ገበሬው እንደ አባቱ ሰማዩን ያያል፣ ማሽላውን ያያል፣ ሰንጋውን ያያል፤ ከዚያ ብቻውን ይወስናል። ሲሳካለት ከብቱ ይደልባል፤ ሳይሳካለት ሲቀር በዕርዳታ ፈላጊዎች ቁጥር ውስጥ ይገባል። በእሱና በዚያ ቁጥር መካከል አሥር ወይም አሥራ አምስት ቀን አለ። ወረዳው፣ ክልሉና ለጋሾቹ ሊጠየቁ የሚገባው እነዚያን ቀናት ምን ሠሩባቸው በሚለው ነው። አባቶች ነገሩን በሁለት ቃል ጨርሰውታል፦ ሳይቃጠል በቅጠል።